የሚያውቅ ሰው ለምን ዝም ይላል?



ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚህች በጎንደር ከተማ የአንድ የተከበሩ ሼክ ቀብር ነበር። የሐጂ ኤልያስ መካነ መቃብርና የአበራ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። ለመቃብሩ ድንጋይ ሲነሣ «ድንጋዩ የማን ነው? ወሰኑስ የት ላይ ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ወደ ድንጋይ ውርወራ፣ ውርወራው ወደ ጥይት ተሻገረ። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ100 በላይ መቁሰላቸውን፣ መስጊዶችም መቃጠላቸውን የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በሚርቀው ስልጤ ዞን፣ በወራቤ፣ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። በጎንደሩ ነገር አንዳች እጅ የሌላቸው ምእመናን የጎንደርን ዕዳ ከፈሉ።

ስለዚያ ቀን የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስለ ጥላቻ ነው፤ ማን ማንን እንደሚጠላ፣ ማን ከጀርባ እንደቆመ። እኔ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የወሰኑ ጥያቄ በዚያን ቀን አልተወለደም። በአካባቢው የሚኖር ሰው ያውቀዋል፣ የሁለቱም ቤተ እምነት አስተዳዳሪዎች ያውቁታል። አንድ ቀን በአንድ ቀብር ላይ ሊፈነዳ እንደሚችል ለመገመትም የስለላ ተቋም አያስፈልግም። ያም ሆኖ ያ ዕውቀት ሊያስቆመው ወደሚችል ሰው በጊዜው አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ የሰማው አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ አንድ ሐሳብ ብቻ የያዘ ነው። የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት ጥቃት የሚቀረው፣ የሚያውቀው ሰው ሳይፈራ ለሚያምነው ሰው ሲናገርና የተነገረው ሰው በጥንቃቄ ሲሠራበት ነው። የሚያውቀውን ሰው ዝም የሚያሰኝ ማንኛውም እርምጃ፣ በጸጥታ ስም ቢወሰድም እንኳ፣ ለአጥቂው መንገድ ይጠርግለታል።

ይህን የምለው ሌላው የጥበቃ ዓይነት ሁሉ ወሰን ስላለው ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን በሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ትእዛዝ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ታሰሩ፣ ሰዓት እላፊ ተደነገገ፣ በየመንገዱ ፍተሻ በዛ። በዚያው አዋጅ ውስጥ እያለን፣ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የጥምቀት እንግዳ መግባት በሚጀምርበት ሰሞን፣ በዚሁ በጎንደር ኢንታሶል ሆቴል ላይ የእጅ ቦምብ ተወርውሮ አንድ ሰው ሞተ፤ 18 ሰዎች ቆሰሉ። ከጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ ግራንድ ሆቴል ላይ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት፣ በፖሊስ በተከበበ ሰልፍ መካከል ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከ150 በላይ ቆሰሉ። በጥበቃው ክፍተት ተጠርጥረው የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነርን ጨምሮ ኃላፊዎች ታሰሩ። የእጅ ቦምብ በኪስ ይገባል፣ በነጠላ ይሸፈናል። የአንዱን ሆቴል በር ብታጠብቅ ወርዋሪው ወደ ሌላው በር ይሄዳል። በየበሩ ወታደር ማቆም የሚችል መንግሥት በዓለም ላይ የለም። ቦምቡ ግን ከመወርወሩ በፊት ከአንድ ሰው ተገዝቷል፣ በአንድ ቤት አድሯል፣ ቢያንስ አንድ ጎረቤት የማያውቀው ሰው ሲገባና ሲወጣ አይቷል። ጥቃት ሊታወቅ የሚችለው እዚያ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ ወታደር ሳይሆን ነዋሪ ነው።

አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። በጎንደርና በጎጃም አውጫጭኝ፣ በሸዋ አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። የሥርዓቱ መነሻ «በዚህ ሕዝብ መካከል የሚያውቅ ሰው አለ» የሚል ነው፤ መነሻው ትክክል ነው። ያየውን በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምሥጢር የሚናገርበት መንገድ መኖሩም ብልህነት ነው። ጉድለቱ ሌላው ላይ ነው። ምንም ያልሠራውን ሁሉ አግቶ ማቆየቱ፣ ለመገላገል ሲባል አንድ ደሃ ወይም አንድ መጻተኛ ላይ ጣት እንዲቀሰር ያደርግ ነበር። የእርሻ ወቅት እያለፈ ሲሄድ ሕዝቡ የሚፈልገው እውነተኛውን ወንጀለኛ ሳይሆን ማንኛውንም ወንጀለኛ ነው። ከዚያ ሥርዓት መውረስ የሚገባን የሚያውቅ ሰው አለ የሚለውን እምነትና ለእርሱ የተሰጠውን የምሥጢር መንገድ ነው። እኛ ግን በአሳዛኝ ሁኔታ የወረስነው ሁሉን በጅምላ ማገቱን ነው።

ጅምላው በዘመናችን በሁለት መንገድ ይመጣል፤ አንዱ በቃል፣ አንዱ በእስር። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲወጣ ሽብርን የተረጎመው እጅግ በሰፊው ነበር። በዚያ ትርጉም ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ተከሰሱ፤ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ታሰሩ። ጎንደር ደግሞ ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. በዓይኗ ያየችው አለ። የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባላትን ለመያዝ የጸጥታ ኃይሎች ከተማ ገቡ፤ ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱ እጅ አልሰጥም አሉ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ በሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ሐምሌ 24 እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ኮሎኔሉ በሽብር ተከሰው ታሰሩ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተፈቱ። የወልቃይትን ጥያቄ ደግፋችሁትም ሆነ ተቃውማችሁት፣ የዚያን ክስ ውጤት ግን ልብ በሉልኝ። አንድ ነዋሪ ትናንት አሸባሪ የተባለው ሰው ዛሬ ጀግና ተብሎ ሲለቀቅ ካየ፣ ነገ መንግሥት «አሸባሪ ከመንደርህ ገብቷል፣ ጠቁም» ሲለው ቃሉ ምንም ክብደት አይኖረውም። ሆቴል ላይ ቦምብ የሚወረውረውና በወረቀት ላይ የሚጽፈው በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ትርፉን የሚያገኘው ቦምብ ወርዋሪው ነው፤ በጸሐፊው ክብር ይሸፈናልና።

መንግሥት ራሱ ይህን ተረድቶ አዋጁን ሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተክቶታል፤ አዲሱም ከቀድሞው በብዙ ይሻላል። ስለዚህ ሕጉ ተሻሽሏል የሚል መከራከሪያ ቢነሣ እቀበላለሁ። ሆኖም አንድን ድርጅት በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ አሸባሪ ብሎ መሰየም አሁንም አለ፤ ስያሜውም ከጦርነትና ከድርድር ጋር ሲወጣና ሲወርድ አይተናል። ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ተሰየመ፤ በመጋቢት 2015 ተነሣለት። ለሰላም ሲባል መነሣቱን አልቃወምም። ነገር ግን ነሐሴ 2013 ላይ በዳባት ወረዳ በጭና የተፈጸመውን ግድያ ማን ያስታውስ? ሂዩማን ራይትስ ዎች ከነሐሴ 25 እስከ 29 ባሉት ቀናት የትግራይ ኃይሎች 26 ሲቪሎችን በጥይት እንደረሸኑ መርምሮ አውጥቷል። ስያሜው ሲነሣ የጭና ገበሬ የጠየቀው የድርጅቱ ስም የት እንደተመዘገበ አልነበረም፤ ወንድሜን የገደለው ሰው የት ነው የሚለውን ነው። ያ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በፍርድ ቤት፣ ስም ባለው ተከሳሽ ላይ ብቻ ነው። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ወደ እስሩ ልምጣ። የቀድሞዎቹ ጎንደሬዎች ጅምላ እስርና ግድያ ምን እንደሚያወርስ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በቀይ ሽብር ዘመን ክፍለ ሀገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ሻለቃ መላኩ ተፈራ ስማቸው ዛሬም በየቤቱ የሚነሣው በሐዘን ነው፤ በኋላ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት ፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል። ያ ሽብር ተቃዋሚውን ድርጅት ኢሕአፓን ከከተማ አጠፋ እንጂ ሰሜኑን ሰላም አላደረገም፤ ከገደለው የተረፈው ወጣት ወደ በረሃ ወጣ። የሌላ አገር ማስረጃ ለሚፈልግ ሰሜን አየርላንድ አለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1971 የብሪታንያ ጦር ያለ ፍርድ ለማሰር ዘመቻ ከፈተ፤ በአንድ ንጋት 342 ሰው ያዘ። የስም ዝርዝሩ ያረጀ ነበርና ከታጣቂነት የወጡ ሽማግሌዎችና ምንም ያልነበራቸው ሰዎች ተያዙ፤ ከተያዙት አብዛኞቹ ካቶሊኮች ነበሩ። ግድያው ቀነሰ? ጨመረ እንጂ። ተከታዩ 1972 በግጭቱ ታሪክ ሁሉ እጅግ ደም የፈሰሰበት ዓመት ሆነ። ያልበደለ አባቱ የታሰረበት ልጅ ሠፈሩ ውስጥ ጠመንጃ ሲደበቅ ቢያይ ለፖሊስ ይናገራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በእኛም በአማራ ክልል ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ክስ ተይዘው እንደነበር አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል፤ ከተያዙባቸው አራት ካምፖች አንዱ ከጎንደር ወደ ጭልጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሰራባ ነው። ከታሰሩት መካከል በእርግጥ ጥቃት ያቀዱ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አልክድም። ግን ማን እንደሆኑ በክስ ተለይቶ ካልተነገረን፣ በሺው መካከል ያለው አንድ ጥፋተኛ ከሺው ጋር ንጹሕ መስሎ ይወጣል፤ ሺው ንጹሕ ደግሞ ከእርሱ ጋር ቂም ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። «አንተ የምትናገረው ሰላም ላለበት ከተማ ነው። እኛ ያለነው በጦርነት ውስጥ ነው። የክልሉ ልዩ ኃይል በ2015 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ መንገዱ ተዘጋ፣ ሚሊሻ ተገደለ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው መንግሥት ወዶ አይደለም። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የክልሉ የብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በጉዞ ላይ ሳሉ ተገደሉ። ሰኔ 15 ቀን 2011 የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር በቢሮ ስብሰባ ላይ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠቋሚና ክስ መጠበቅ የዋህነት ነው» የሚል ነው። የዚህ ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው። ጠመንጃ ይዞ የመጣን ሰው በንግግር ማቆም አይቻልም፤ ጭና ያሳየን ይህንኑ ነው። መንግሥት ኃይል ሊኖረው ይገባል። በፖለቲካ ልዩነት ባለሥልጣን መግደል፣ መምህርና የቀበሌ ሠራተኛ ላይ መተኮስ፣ መንገደኛ ማገት፣ ማንም ያድርገው ማን፣ ለየትኛውም የሕዝብ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄውንም ያረክሰዋል። ይህን በፋኖ ስም ታጥቀው ለሚንቀሳቀሱትም እኩል እናገራለሁ። ግን ተቃውሞው ካነሣቸው ሁለት ግድያዎች አንዱን ራሱን እዩት። የባሕር ዳሩ ጥቃት የተፈጸመው በክልሉ መንግሥት ልብ ውስጥ፣ የጸጥታ መዋቅሩን ከሚመሩት ሰዎች በኩል ነው። ኃይል ስላልነበረ አልነበረም፤ ኃይሉ ሞልቶ ነበር። የጎደለው፣ እየተዘጋጀ ያለውን የሚያውቁ ሰዎች ወደሚሰማ ጆሮ ማድረሳቸው ነው። ጦርነት፣ የሚያውቅ ሰው ያለውን አስፈላጊነት አይቀንሰውም፤ ይልቁንም ወታደሩ በማያውቀው ቀበሌ ውስጥ ሲሆን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ ባለሙያዎች ይመጣል። ሕዝቡ ይናገር ማለት ሽምግልናን ወደ ሥልጣን መመለስ ነው፤ ሽምግልና ደግሞ ደምን በካሳ እያደረቀ ወንጀለኛን ያስመልጣል፣ የሴትንና የደሃን አቤቱታ ያፍናል ይላሉ። በዚህ ላይ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ከመቃብር ወሰን ጠብ እስከ ወራቤ የደረሰው እሳት የሄደው በደም መመለስ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ገዳዩ ባይገኝ ወንድሙ፣ ወንድሙ ባይገኝ የአጎቱ ልጅ፣ እርሱም ባይገኝ ሃይማኖቱን የሚጋራ ይገደላል። ሽማግሌ ይህን ሰንሰለት ለጊዜው ያቆመዋል፤ ቤተሰብ ያስታርቃል፤ ቀብር ያስተዛዝናል፤ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ግን «የገደለው እገሌ ነው፣ ሌላው ንጹሕ ነው» ብሎ የሚወስን ፍርድ ቤት ነው። በቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ ዙሪያ ያየነውም ይኸው ነው። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር መቀጠልን መረጡ። ነገሩ በድምፅ የተፈታ መስሎ ነበር። ዳሩ ግን በቀጣዮቹ ዓመታት በጭልጋና በአይከል አካባቢ ጥቃትና በቀል ተከታተለ፤ በአንዱ ግድያ ስም ባለው ሰው ላይ ሳይፈረድ ሌላው ግድያ ይከተላልና። ስለዚህ ሽማግሌው ለዕርቁ፣ ዐቃቤ ሕጉ ለክሱ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይያዝ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከሕዝቡ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። «ለማን ልናገር? ቀን ለመንግሥት ብናገር ሌሊት ታጣቂው ይመጣብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ተባባሪ ተብዬ እታሰራለሁ።» ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ተናገሩ እያሉ መስበክ ብቻውን ሕሊና ቢስነት ነው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዚህች ከተማ የሆነውን አስታውሱ። የሁለት ዓመት ሕፃን ለገንዘብ ታግታ ተገደለች፤ ነዋሪው በቁጣ አደባባይ ወጣ፤ ፍትሕና ጥበቃ ጠየቀ። ለመናገር የሚፈራ የተባለው ሕዝብ በጠራራ ፀሐይ ተናገረ። ይህ የሚያሳየው ሕዝቡ ጸጥታን እንደማይጠላ፣ እንዲያውም እንደሚለምን ነው። ያጣው የሚያምነውን በር ነው። የመገናኛ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ዓላማው ወሬና ቅስቀሳ ማስቆም ነው ተባለ። ወሬ ግን ያለ ኢንተርኔትም በእግር ይሄዳል፤ የማይሄደው የወሬው ማስተባበያ ነው። በመተማ መንገድ ላይ ሰው መታገቱን ለቤተሰቡም ለፖሊስም ፈጥኖ ማሳወቅ ያቃተው ሹፌር ጉዳቱን ያውቀዋል።

እንግዲህ በር እንዴት ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጎንደር ከራሷ ልምድ ብዙ አላት። በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሥርዓት የሚያስይዘው ፖሊስ ብቻ አይደለም። የየሠፈሩ ወጣት፣ የየደብሩ ሰንበት ተማሪ ማን እንግዳ እንደሆነ፣ የትኛው ታቦት በየት እንደሚያልፍ ያውቃል፤ የሚያየውንም ለሚያውቀው ሰው ይናገራል። ይህ የመተማመን ሥራ ነው፤ በዓሉ ሲያልቅ ለምን እንደሚፈርስ አይገባኝም። ያው ጥምቀት ሌላም ነገር አስተምሮናል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚያው መዋኛ አጠገብ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱ። ገዳዩ ቦምብ አልነበረም፤ ከሚችለው በላይ ሰው የወጣበት ርብራብ ነበር። የሕዝብ ደኅንነት ማለት ጠላትን መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሠፈር አናጢ «ይህ አይችልም» ሲል የሚሰማው ኃላፊ መኖርም እንደሆነ ያ ቀን ያሳያል።

ከዚያ በላይ ሊደረግ የሚገባው በአዲስ ሕግ የሚመጣ አይደለም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማንነትን መደበቅን፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥን፣ አካላዊ ጥበቃን ይፈቅዳል። ጥያቄው ይህ አዋጅ በአምባ ጊዮርጊስ ለሚኖር ገበሬ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ቤቱ ተለይቶ የሚታወቅ፣ መሬቱን ጥሎ መሄድ የማይችል፣ የሚጠቁመው ሰው ምናልባት የሚስቱ ወንድም የሆነ ሰው ነው። ለእርሱ ጥበቃ ማለት ጥቆማው በቀበሌው ሊቀመንበር እጅ እንዳያልፍ ማድረግ ነው፤ የሚቀበለው በጎንደር ወይም በደባርቅ ያለ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ፣ የጠቋሚው ስም ከአንድ ሰው በላይ እንዳይታወቅ። በጥቆማው የተያዘው ሰው በሕግ በተወሰነው ሰዓት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ካልተገኘበት እንዲለቀቅ፤ ምክንያቱም ገበሬው የጠቆመው ሰው ተደብድቦ ከሞተ በሚቀጥለው ጊዜ አይጠቁምም፤ በጠላቱ ላይ በደባ የጠቆመ ሰው ደግሞ በሐሰት ጥቆማው ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለ ዐቃቤ ሕግ ለመመደብ፣ የሚደውሉበት አንድ ቁጥር ለመክፈት፣ የሚቀርበውን የወሰንና የመቃብር ክርክር ሁሉ መዝግቦ ከክረምት በፊት ለመጨረስ ጦርነቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከከተማው አስተዳደርና ከዞኑ ፍትሕ መምሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ የተመደበውን ሰው ስምና ቢሮ፣ ሥራ የሚጀምርበትንም ቀን በአደባባይ ይንገሩን።